የማይቀር አስጠኚ፦ ኑሮ ለከበዳቸው ተማሪዎች የጥናትና የምክር ፕሮግራም እንዴት ይጀመራል?

መጀመሪያ የከፈትነው ፕሮግራም ስድስት ሳምንት ነው የቆየው። 40 ልጅ መዘገብን፣ ሰባት በጎ ፈቃደኛ ያዝን፣ ጸልየን ጀመርን። በስድስተኛው ሳምንት ከሰባቱ የቆየነው ሦስታችን ብቻ ነበርን። አንድ የአራተኛ ክፍል ልጅ ደብተሩን ደረቱ ላይ አቅፎ በር ላይ ይቆም ነበር። "ጋሼ ዛሬስ ይመጣል?" ይለኛል፤ አስጠኚውን ማለቱ ነው። "ይመጣል" አልኩት። እንደማይመጣ እያወቅኩ።

ልጁ ወደ እኛ ሲመጣ የሒሳብ ችግር ነበረበት። እኛ ሌላ ችግር ጨምረን ሸኘነው።

ይህ መመሪያ ከዚያ በኋላ የተማርነው ነው። የጻፍኩት ለቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች፣ ለወጣት ኅብረቶች፣ "እስቲ አንድ ነገር እናድርግ" ብለው ለተነሱ አራት አምስት ጓደኛሞችም ነው። ትልቅ በጀት አይጠይቅም። የሚጠይቀው የማይቀር ሰው ነው።

1. መጀመሪያ ጠይቁ

ብዙ ፕሮግራም የሚወድቀው መልሱን ይዞ ስለሚነሳ ነው። "ሒሳብና ሳይንስ እናስጠናለን" ተብሎ ይወሰናል፤ ልጆቹን የቸገራቸው ግን ሌላ ነው። አዳራሹን ከማጽዳታችሁ በፊት ሁለት ሳምንት ለጥያቄ ብቻ ስጡ።

መምህራኑን "የቤት ሥራ ሳይሠሩ የሚመጡት የትኞቹ ናቸው? ለምን ይመስላችኋል?" በሏቸው። ወላጆችን ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ምን እንደሚያደርግ ጠይቁ። ልጆቹን ደግሞ "የት ነው የምታጠኑት?" በሏቸው። አንዱን የቸገረው አስጠኚ ሳይሆን መብራት ያለበት ጠረጴዛ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ሌላዋ ትምህርቱ በደንብ ይገባታል፤ ግን ታናሽ ወንድሟን የምትይዘው እሷ ናት። "ብቻሽን ነይ" ካላችኋት አትመጣም። ለትንሹ ምንጣፍና ከለር ካዘጋጃችሁ ግን ሁለቱም ይመጣሉ። እኛ ይህን ለማወቅ አንድ ሙሉ ሴሚስተር ፈጅቶብናል። አንድ ጥያቄ ይበቃ ነበር።

2. ትንሽ ሆናችሁ ጀምሩ

12 ልጅ፣ አምስት ስድስት አዋቂ፣ በሳምንት ሁለት ቀን። ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃል። አንድ አስጠኚ ሁለት ልጅ ቢይዝ ጥሩ ነው፤ ቢበዛ ሦስት። "ሌሎቹስ?" የሚል ድምፅ መነሳቱ አይቀርም፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ስማቸውን በተጠባባቂነት መዝግቡ። የማይቀር ሰው ሲገኝ ጥሯቸው። ሰው ሳይኖር ልጅ መቀበል ደግነት ይመስላል እንጂ አይደለም።

ቦታ ከሁሉ የቀለለው ነገር ነው። ጆን ፓውንድስ የሚባል እንግሊዛዊ ጫማ ጠጋኝ ነበር። በልጅነቱ በመርከብ መሥሪያ ስፍራ ወድቆ አካል ጉዳተኛ ሆነ። እ.ኤ.አ. ከ1818 ጀምሮ ፖርትስመዝ ውስጥ፣ በዚያች ጠባብ መሥሪያ ክፍሉ፣ ጫማ እየጠገነ ለድሃ ልጆች ማንበብና መጻፍ በነፃ ያስተምር ነበር። ልጆቹ በአንድ ጊዜ እስከ 40 ይደርሱ እንደነበር ይነገራል። ቁጥሩን አትቅዱበት። እሱ ከዚያች ክፍል የትም አይሄድም ነበር፤ ልጆቹ በመጡ ቁጥር አለ። ስለዚህ የሰንበት ትምህርት ክፍል፣ የመዘምራን መለማመጃ፣ የአንድ ምእመን ሰፊ ሳሎንም ቢሆን ይሆናል። ብርሃን፣ የሚዘጋና የሚከፈት መጸዳጃ ቤት፣ ከውጭ የሚታይ መስኮት ወይም ክፍት በር ይኑረው። ሌላው በኋላ ይደርሳል።

ስሙን ግን አስቡበት። "የችግረኛ ልጆች መርጃ" የሚል ባነር ሥር ተቀምጦ ማጥናት የሚፈልግ ልጅ የለም። እናንተ ራሳችሁ ትቀመጡ ነበር? "የጥናት ቤት" በሉት። "የማክሰኞ ጥናት" ማለትም ያስኬዳል። ሻል ያለ ኑሮ ያላቸውን የአገልጋይ ልጆችም ቀላቅሉበት። ያኔ ወደዚያ መግባት ራሱ "ድሃ ነኝ" ብሎ ማወጅ አይሆንም።

3. ሰው ምረጡ

እዚህ ላይ ብዙ እቆያለሁ፤ የእኛ ፕሮግራም የሞተው እዚህ ስለሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1995 አሜሪካ ውስጥ ቢግ ብራዘርስ ቢግ ሲስተርስ በሚባለው የመካሪዎች ድርጅት ላይ የተደረገ ትልቅ ጥናት ወጣ። ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 16 የሆኑ 959 ልጆችን 18 ወር ተከታተለ። መካሪ የተመደበላቸው ልጆች አደንዛዥ ዕፅ የመጀመራቸው ዕድል ካልተመደበላቸው በ46 በመቶ ያነሰ ነበር። ከትምህርት ገበታ የሚቀሩትም ባነሰ ቀን ነው። ደስ ይላል፤ ይህን ቁጥር ሁሉም ይጠቅሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመውን ተከታይ ትንታኔ ግን ብዙ ሰው አያነሳውም። ግንኙነታቸው አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የዘለቀው ልጆች ናቸው ይበልጥ የተጠቀሙት። በሦስት ወር ውስጥ የተቋረጠባቸው ደግሞ ለራሳቸው ያላቸው ግምት ወርዶ ተገኘ።

ይህን ሳነብ በር ላይ የቆመው ልጅ ነው ትዝ ያለኝ።

ስለዚህ በጎ ፈቃደኛ ስትመርጡ "ልጆች ትወዳለህ?" አትበሉ። "አልወድም" የሚል የለም። ይልቅ "በመጪው ዓመት የማትመጣባቸው ሳምንታት የትኞቹ ናቸው?" በሉት። ካሌንደር አውጡና አብራችሁ ተመልከቱ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ፈተና አለበት፤ ነጋዴ ሥራ የሚበዛበት ወቅት አለው፤ ሌላዋ ልትወልድ ነው። ይህ ሁሉ ነውር አይደለም። አስቀድሞ ይታወቅና ተተኪ ይመደብ ነው የምለው። አንድ ዓመት መወሰን የማይችል ሰው መክሰስ ያዘጋጅ፣ መጻሕፍት ያሰባስብ፣ ወንበር ይደርድር። ልጅ ግን አይመደብለት።

ደግሞ የሚያለቅስ አመልካች አለ። የልጆቹን ታሪክ ሰምቶ እንባው የሚወርድ፣ "ነገውኑ ልጀምር" የሚል። ልቡን አልጠራጠርም። ግን በልምዴ ቶሎ የሚጠፋው እሱ ነው። "እስቲ ሁለት ሳምንት መጥቼ ልየው" የምትለዋን ዝምተኛ ሴት እመርጣለሁ።

ሁለት ምስክር ጠይቁ፤ አንዱ ከቤተ ክርስቲያኑ ውጭ ይሁን። በምትኖሩበት አገር የወንጀል ሪከርድ ማጣራት የሚቻል ከሆነ አጣሩ። የሰባኪው ወንድምም ቢሆን፣ የኳየሩ መሪም ቢሆን። "እሱንማ እናውቀዋለን" የሚለውን ዓረፍተ ነገር ከአፋችሁ አታውጡት።

4. የልጆች ደህንነት፦ ይህን ሳትጽፉ በር አትክፈቱ

አንድ ገጽ ይበቃል። ሁሉም ይፈርምበት፤ ግድግዳው ላይም ይለጠፍ።

- አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር በተዘጋ ክፍል ብቻውን አይሆንም። ማውራት ቢያስፈልግ ሌላ ሰው በሚያያቸው ጥግ ይቀመጣሉ።
- አስጠኚ ለልጅ በግል ቴሌግራም ወይም በሌላ መንገድ አይጽፍም። መልእክት በወላጅ ስልክ ወይም አስተባባሪው ባለበት ቡድን ያልፋል።
- ስጦታ፣ ገንዘብ፣ ልብስ በፕሮግራሙ በኩል እንጂ በድብቅ አይሰጥም።
- የልጅ ፎቶ ያለ ወላጅና ያለ ልጁ ፈቃድ አይነሳም፣ አይለጠፍም። "ድሮ እንዲህ ነበር፣ አሁን እንዲህ ሆነ" የሚል ፎቶ ፈጽሞ አይነሳ።
- ዱላ፣ ጆሮ መጠምዘዝ፣ ማንበርከክ የለም። "ለጥቅሙ ነው" አይሠራም።

ልጅ "ለማንም እንዳትናገሪ" ብሎ ሊነግራችሁ ሲጀምር አስቀድማችሁ እንዲህ በሉ፦ "የምትነግረኝ ነገር የሚጎዳህ ከሆነ ለሚረዳን ሰው መንገር አለብኝ።" ከዚያ ስሙት። በጥያቄ አታዋክቡት። ሲጨርስ በራሱ ቃል ጻፉት፤ ቀንና ሰዓት አኑሩበት። በዚያው ቀን ለአስተባባሪው፣ እንደ አገሩ ሕግም ለሚመለከተው አካል ይድረስ። እናንተ መርማሪ አይደላችሁም። ከሁሉ የከፋው ነገሩን "ይቅር ተባባሉ" ብሎ በዕርቅ መሸፈን ነው። ይቅርታ ትልቅ ነገር ነው፤ ልጅን ወደሚጎዳው ሰው የመመለሻ መንገድ ግን አይደለም።

5. ልጁ የት እንደቆመ እወቁ

አንድ የሰባተኛ ክፍል ልጅ የመማሪያ መጽሐፉን ከፍቶ ያነብልኛል። ቀጥ ብሎ፣ ሳይደናቀፍ። ገጹን በመዳፌ ሸፈንኩት። ማንበቡን ቀጠለ! መጽሐፉን በቃሉ ይዞታል እንጂ ማንበብ አይችልም ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ እንዲህ አልፏል። ሞኝ ልጅ ይህን አያደርግም።

ስለዚህ ክፍሉን አትመኑ፤ ፈትኑ። ፕራታም የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1995 ሙምባይ ውስጥ የተመሠረተው የሕንድ ድርጅት፣ የሚሠራበት ዘዴ ለእንዲህ ያለው ነገር ተስማሚ ነው። ልጆቹን በክፍላቸው ሳይሆን በሚችሉት ይመድባቸዋል። መፈተኛውም አንድ ወረቀት ነው፦ ፊደላት፣ ቀላል ቃላት፣ አጭር አንቀጽ፣ ትንሽ ረዘም ያለ ታሪክ። ልጁ የሚንገዳገድበት ቦታ ላይ ታቆማላችሁ። ደረጃው እሱ ነው። ለሒሳብም ቁጥር መለየት፣ መቀነስ፣ ማካፈል ይበቃል። ለአንድ ልጅ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው የሚወስደው።

አንድ ጥንቃቄ አለ። በቃሉ የማያውቀውን ጽሑፍ ስጡት፤ ሌሎች ልጆች በማይሰሙበት ቦታ ፈትኑት። የሰባተኛ ክፍል ልጅ ከሦስተኛ ክፍል ልጆች ጋር ፊደል እንዲቆጥር ካስቀመጣችሁት ደግሞ በነጋታው አታገኙትም። ለእሱ ለብቻው ጊዜ ፈልጉ። ወይም ለትንንሾቹ ታሪክ የሚያነብላቸው እሱ ይሁን፤ ከዚያ በፊት ግን ያንኑ ታሪክ ከእናንተ ጋር ተለማምዶት ይግባ። ይህኛው ዘዴ ያገኘንበት ውጤት አስደንቆኛል። ክብሩም ይጠበቃል፣ ንባቡም ይመጣል።

6. አንዱ ከሰዓት እንዴት ይውላል?

90 ደቂቃ ጥሩ ነው። ሁለት ሰዓት ካለፈ ልጆቹ ይዝላሉ፤ እናንተም።

በር ላይ አንድ ሰው ይቁምና እያንዳንዱን በስሙ ይቀበል። በስሙ ነው ያልኩት። ቀጥሎ መክሰስና ውኃ፤ ምሳ ሳይበላ የመጣ ልጅ ስላለ ምግቡ ከጥናቱ ይቅደም። ከጥናት በኋላ ካደረጋችሁት ሽልማት ይመስላል፤ የራበው ልጅም 40 ደቂቃ ሰዓት ሲያይ ይቆያል። ከዚያ 25 ደቂቃ የነገው የቤት ሥራ፣ ሌላ 25 ደቂቃ ልጁ ባለበት ደረጃ ንባብ ወይም ሒሳብ። ሁለቱን አትደባልቁ። የቤት ሥራ ብቻ ካሠራችሁት ክፍተቱ አይሞላም፤ ክፍተቱን ብቻ ከሞላችሁ ነገ ክፍል ውስጥ ይቀጣል። መሃል ላይ ይሩጡ፣ ኳስ ይምቱ። መዝጊያው ላይ አጭር ቃልና ጸሎት። እሱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

7. ስታስጠኑ

እርሳሱን ልጁ ይያዝ። ይህን አንድ ነገር ብቻ ብትይዙ ግማሹ ተሳክቷል። አስጠኚው እርሳስ ሲያነሳ ልጁ ተመልካች ይሆናል።

አንዲት የስድስተኛ ክፍል ልጅ 1/2 + 1/3 = 2/5 ብላ ጻፈች። ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ ደመረችው። "ስህተት ነው" ብሎ ትክክለኛውን መጻፍ ሁለት ሰከንድ አይፈጅም። አስጠኚዋ ግን ካሬ ደብተር አወጣችና "10 ካሬ ቁጠሪ" አለቻት። "ግማሹን አጥቁሪ።" አምስት አጠቆረች። "ከሥሩ ደግሞ 2/5ኛውን።" አራት ሆነ።

"የትኛው ይበልጣል?"

"ግማሹ።"

"ግማሽ ነበረሽ። ሌላ ጨመርሽበት። እንዴት አነሰ?"

ልጅቷ ዝም አለች። ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ ሳቀችና ራሷ አጠፋችው። ቀጥሎ 6 ካሬ ወሰዱ፤ ግማሹ 3፣ ሲሶው 2፣ ሲደመር 5/6። የወሰደው ስምንት ደቂቃ ነው። በዚያ ቀን ሌላ ጥያቄ አልሠሩም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ለሚሸመደደው ትምህርት ደግሞ መጽሐፉን አስከድኑት። ልጆች ማጥናት ማለት ደጋግሞ ማንበብ ይመስላቸዋል። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ሙከራ፣ አንድን ጽሑፍ ደግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ተገለበጠ። ደግመው ያነበቡት 42 በመቶውን፣ ሳያዩ ለመጻፍ የሞከሩት 56 በመቶውን አስታወሱ። ስለዚህ አንድ ገጽ ያንብብ፣ ይክደን፣ የሚያስታውሰውን በባዶ ወረቀት ይጻፍ፣ ከዚያ ይክፈትና የዘለለውን ይፈልግ። መጀመሪያ ይጠሉታል። ፈተና ሲደርስ ራሳቸው ይከድኑታል።

"ጎበዝ" የምትለዋን ቃል ደግሞ ቆጥቡ። እናውቃለን፣ ከአፋችን አትጠፋም። ሙለርና ድዌክ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት "ብልህ ነህ" ተብለው የተመሰገኑ ልጆች ከባድ ጥያቄ ሲገጥማቸው ቶሎ ተስፋ ቆረጡ፤ በጥረታቸው የተመሰገኑት ግን ቀጠሉ። በ"ጎበዝ" ፋንታ ያያችሁትን ተናገሩ፦ "መስመር ስትዘልዪ ራስሽ አገኘሽው።" "ያንን ቃል ሦስት ጊዜ ሞከርከው።" ልጁ ነገ የሚደግመውን ነገር አወቀ ማለት ነው። "ሰነፍ" ስለሚለው ቃል ምንም አልልም።

8. መካሪ ስንል

ሜንተር የሚባለውን እኔ መካሪ እያልኩ ነው የመጣሁት። ግን ምክር የሚያዘንብ ሰው እንዳይመስላችሁ። ኑሮ የከበደው ልጅ ምክር ሞልቶታል፤ ጎረቤቱም መምህሩም ይመክረዋል። ያጣው የሚሰማው ሰው ነው። አስጠኚውና መካሪው አንድ ሰው ቢሆኑ ይመረጣል። ወሬው ከእርሳሱ ጎን ሲመጣ አያስጨንቅም።

ዶን ቦስኮ የሚባሉት የቱሪኑ ካህን፣ እ.ኤ.አ. በ1841 ታኅሣሥ 8 ለቅዳሴ ሲዘጋጁ አንድ ወላጅ አልባ የግንብ ሠራተኛ ልጅ ወደ ዕቃ ቤቱ ገባ። የቤተ ክርስቲያኑ አገልጋይ በዱላ አባረረው። እሳቸው "ጓደኛዬ ነው፣ ጥራልኝ" አሉ። ከቅዳሴ በኋላ እንደሚተረከው እንዲህ ጠየቁት። ማንበብ ትችላለህ? አልችልም። መጻፍስ? አልችልም። መዘመርስ? አልችልም። ማፏጨትስ? ልጁ ፈገግ አለ። ለሺዎች የተረፈው ሥራቸው ከዚያች ፈገግታ ጀመረ ይባላል።

የመጀመሪያ ቀን ሥራችሁ ይህ ነው፤ ልጁ የሚችለውን አንድ ነገር ፈልጉ። አንዱ ሬዲዮ ይፈታታል። አንዷ የሰው ድምፅ ታስመስላለች። ከዚያ በኋላ ወሬ አታጡም።

"ዛሬ ምን ተማርክ?" ካላችሁት መልሱ "ምንም" ነው። "ዛሬ ማን አጠገብ ተቀመጥክ?" "መምህሩ መጨረሻ ላይ ሰሌዳው ላይ ምን ጻፈ?" "ዛሬ ማን አሳቀህ?" በሉት። ጠይቃችሁ ዝም በሉ። ዝምታው ሲረዝም ለመሙላት አትቸኩሉ።

ችግሩን ሁሉ መፍታት የእናንተ አይደለም። የቤት ኪራይ፣ የአባት መጠጥ፣ የእናት ሕመም ይመጣል። መካሪው ከኪሱ መስጠት ከጀመረ ፕሮግራሙ ይበላሻል፤ ሌላው ልጅም ያያል። ያዕቆብ በመልእክቱ 2፥15-16 የራበውን "በደህና ሂድ፣ ጥገብ" ብሎ የሚሸኝን ሰው ይወቅሳል፤ ስለዚህ ዝም በሉ ማለቴም አይደለም። ለቤተ ክርስቲያኑ የእርዳታ ክፍል ወይም ለጤና ተቋም የሚያገናኝ አንድ ሰው ይኑራችሁ፤ መካሪው ለእሱ ያስተላልፍ።

መካሪ የግድ መልቀቅ ካለበት ቢያንስ ከአራት ሳምንት በፊት ለልጁ ራሱ ይንገረው። ምክንያቱን በግልጽ ይንገረው፤ "ባንተ ምክንያት አይደለም" ብሎ በቃል ይናገር። ተተኪውን ይዞ መጥቶ ሁለት ጊዜ አብረው ይቀመጡ። ብዙ ልጆች ትልቅ ሰው ሲሄድባቸው እንጂ ሲሰናበታቸው አያውቁም።

9. እምነቱስ?

ይህ ሁልጊዜ ያከራክራል። የእኔን አቋም እነግራችኋለሁ።

የሰንበት ትምህርት ቤት ታሪክ ራሱ ከንባብ ጋር የተያያዘ ነው። ሮበርት ሬይክስ እ.ኤ.አ. በ1780 እንግሊዝ፣ ግሎስተር ውስጥ ሲጀምር ልጆቹ ስድስት ቀን ፋብሪካ ይውሉ ነበር። እሑድ ብቻ ነው ነፃ የሆኑት። በዚያች ቀን ማንበብ ተማሩ፤ መጽሐፉ መጽሐፍ ቅዱስ ነበር። ስለዚህ ማንበብ ማስተማርና ስለ ክርስቶስ መናገር የተጣሉ ነገሮች አይደሉም።

ግን እርዳታው የእምነት ዋጋ እንዳይሆን። ጌታ አምስት እንጀራና ሁለት ዓሣ ሲያበዛ ማን ተከታይ፣ ማን ተመልካች እንደሆነ አልጠየቀም። የሌላ እምነት ቤተሰብ ልጅ ቢመጣ ያው ወንበር፣ ያው መክሰስ፣ ያው አስጠኚ ነው። በምዝገባ ቀን ለወላጅ በግልጽ ንገሩ፦ "እኛ ክርስቲያኖች ነን፤ መጨረሻ ላይ አሥር ደቂቃ ቃልና ጸሎት አለ፤ ልጃችሁ ባይገባም ምንም አይቀርበትም።" እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 14ም የልጁን የሃይማኖት ነፃነትና የወላጁን የመምራት መብት ያከብራል። ለማይገቡት በዚያ ሰዓት ደህና ነገር አዘጋጁ። ኮሪደር ላይ ማቆም ቅጣት ነው።

አሥሩ ደቂቃ ደግሞ አሥር ይሁን። ስብከት አይደለም። አንድ ታሪክ፣ አንድ ጥያቄ፣ አጭር ጸሎት። ልጆቻችን የሚወዱት ሉቃስ 2፥46ን ነው፤ የ12 ዓመቱ ኢየሱስ በመምህራን መካከል ተቀምጦ እየሰማና እየጠየቀ። "እሱም ይጠይቅ ነበር?" አለ አንዱ። ክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ አያውቅም ነበር።

ለፈተና መጸለይ መልካም ነው። ጸልዩና ከዚያ መጽሐፉን ክፈቱ። ልጅ ሲወድቅ ግን "እምነትህ አንሶ ነው" የሚል ሰው ከተገኘ በዚያው ቀን ጠርታችሁ አነጋግሩት።

10. ትምህርት ቤቱና ቤቱ

የክፍል ኃላፊ መምህሩን በሴሚስተር ሁለት ጊዜ አግኙ። የት ምዕራፍ ደረሳችሁ? ፈተና መቼ ነው? ልጁ ክፍል ውስጥ እንዴት ነው? ይበቃል። በልጁ ፊት መምህሩን አትንቀፉ፤ ነገ እዚያው ነው የሚቀመጠው።

ወላጅን ለወቀሳ ብቻ አትጥሩ። የመጀመሪያው ጥሪ መልካም ዜና ይሁን። ያልተማሩ ወላጆች "እኔ ምን አውቄ" ይላሉ። "ማታ አንድ ገጽ ያንብብልሽ፣ አንቺ ስሚው" በሏት። ለመስማት ፊደል መቁጠር አያስፈልግም።

11. አንድ ደብተር

ሪፖርት አታብዙ። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ገጽ፦ የመጣበት ቀን፣ አስጠኚው የመጣበት ቀን፣ በየስምንት ሳምንቱ የንባብና የሒሳብ ደረጃ፣ አንድ መስመር ማስታወሻ። ሁለተኛዋን ረድፍ አትዝለሏት። የልጁን መቅረት የሚቆጥር ፕሮግራም ብዙ ነው፤ የአስጠኚውን የሚቆጥር ግን ጥቂት። በወር ሁለት ጊዜ የቀረ አስጠኚ ካለ ስብሰባ አትጥሩ፤ ሻይ ጋብዙትና ምን እንደተፈጠረ ጠይቁት።

12. ልጁ ሲቀር

በዚያው ምሽት ወላጁ ጋ ይደወል። ሁለተኛ ሲቀር ሁለት ሰዎች ቤቱ ይሂዱ። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ትንሽ ነው፤ ጫማው ተቀዷል፣ ታናሹ ታሟል፣ ፈተና ወድቆ አፍሯል። አንዳንዴ ደግሞ ሥራ ገብቷል። ያኔ ቀኑን ወይም ሰዓቱን መቀየር ይቻል እንደሆነ ተነጋገሩ፤ አንድ ልጅ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ እየመጣ ዓመቱን ጨርሶልናል።

ሲመለስ "የት ጠፋህ?" ብላችሁ በሰው ፊት አታቁሙት። ወንበሩን ሳቡለት፤ የቆመበትን ገጽ ክፈቱና እርሳሱን ስጡት።